ኖራው አንድ ቦታ ሲቆይ

በጥር ወር፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አቃቂ በነበረ አንድ የገመድ ፋብሪካ የሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ፣ በአንዲት ተዋናይ ላይ ይበራ የነበረው መብራት ከፊቷ ተነሥቶ በመጀመሪያው ረድፍ በተቀመጡ ሰው ፊት ላይ አረፈ። ተዋናይዋ እህቴ ሰናይት ነበረች። መብራቱን የያዘው አባቴ ነበር። ሰውየው አቶ ጌታሁን የሚባሉ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስሆን፣ ከእናቴ ጋር አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያን ቀን የሚመልስልኝ የሞቀ የጨው ውኃ ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ፣ እማዬ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሄጄ በሩን ስከፍት፣ ያበጡ እግሮቿን ሳፋ ውስጥ ነክራ አገኘኋት፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ወጥቶ ነበር። እሷም አየችኝና «ምነው ቆምሽ? የአባትሽን ባልዲ አስታወሰሽ አይደል?» አለችኝ።

አባዬ በፋብሪካው የጥገና ክፍል ኤሌክትሪሽያን ነበር። ክፍሉ ሦስት ሰው ብቻ ስለነበረው፣ ሽቦ የሚቀጥለውም፣ ማርሽ የሚቀባውም፣ ብሎን የሚፈታውም እሱ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ የሠራተኞቹ የትያትር ክበብ መብራት ኃላፊ ይሆናል። የክበቡ ዋና መብራት በአባዬ እጅ የተሠራ ነበር፤ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ቃሊቲ መንገድ ዳር ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ የፊት መብራት መስታወት ገጥሞለት፣ እንደ አንገት በሚዞር ብረት ላይ አስሮታል። ብርሃኑን የሚያደበዝዝበት መሣሪያ ግን የሚገዛ ስላልነበረ፣ አንድ ባልዲ የጨው ውኃ ነበር የሚጠቀመው። ከባልዲው ሥር አንድ የብረት ሳህን ይቀመጣል፣ ሌላው ከላይ በገመድ ይንጠለጠላል፣ ኤሌክትሪኩ በውኃው ውስጥ አልፎ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። አባዬ ገመዱን ለቀቅ አድርጎ የላይኛውን ሳህን ወደ ታች ሲያወርደው መብራቱ ይደምቃል፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲጎትተው ደግሞ ጀምበር እንደምትጠልቅ ሆኖ ይደበዝዛል። ትያትሩ ሲረዝም ውኃው ይሞቃል፣ ይጤሳል፣ ከውስጡም የሚንሾካሾክ ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ባልዲውን የነካ ሰው እንደሚሞት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አባዬም በነጭ ኖራ ክብ መስመር ያሰምርበትና «ከዚህ ወዲህ እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር።

የኖራውን ታሪክ የነገረን ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ በጳጉሜ ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የቤታችንን ግድግዳ ኖራ እንቀባ ነበርና፣ አባዬ ያልተፈታውን ኖራ በርሜል ውስጥ ጨምሮ ውኃ ሲያፈስበት፣ እሳት ሳይኖር ሲፈላና ሲጤስ አይተን እኔና ሰናይት ወደ ኋላ ሸሸን። እሱም በቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ አስተማሪው ያጫወቱትን አጫወተን። ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት፣ አለ፣ በፈረንጅ አገር ትያትር ቤቶች አንድ ቁራጭ ኖራ ያስቀምጡና በሁለት ጋዝ የሚነድ ነበልባል ይለቁበታል፤ ኖራው አይቀልጥም፣ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ያንንም ብርሃን በመስታወት ሰብስበው በዋናው ተዋናይ ላይ ያሳርፉታል። ስለዚህ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ የሕዝብ ዓይን ያረፈበትን ሰው «የኖራው ብርሃን ውስጥ ነው» ይሉታል። ግን አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ኖራውን ያለማቋረጥ ማዞር አለበት፤ አንድ ቦታ ከቆየ ነበልባሉ ይቦረቡረዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

«ኖራውን የሚያዞረው ሰውዬስ?» ብላ ጠየቀች ሰናይት።

«እሱማ ጨለማ ውስጥ ነው» አላት። «እሱን ማን ያየዋል?»

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ አጣርቼዋለሁ። ስለ ጋዙም፣ ስለ ማዞሩም፣ ስለ እንግሊዞቹ አነጋገርም የተናገረው ልክ ነው።

ከዚያ ጳጉሜ ጀምሮ አነጋገሩ የቤታችን ሆነ። ሰናይት አንደኛ ወጥታ የሰፈር ሰው ሲያሞግሳት «ኖራው ላይ ወጣሽ» እንላት ነበር። እማዬ ግን በልጅ ላይ ዓይን ማብዛት ከድሮም ስለሚያስፈራት የወሰደችው ሌላኛውን ጫፍ ነው፤ እንግዳ መጥቶ አንዳችንን ደጋግሞ ሲያደንቅ «በሉ እንግዲህ ኖራውን አዙሩት፣ ይሰነጠቃል» ትልና ወሬውን ወደ ዝናብ ወይም ወደ ታክሲ ወረፋ ትወስደዋለች። ቀስ በቀስ ግቢያችን ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ ይሉት ጀመር፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

አባዬ ራሱ ነገሩን ወደ ሥራው ይዞት ገባ። የእሱ መብራት አምፖል እንጂ ኖራ አልነበረም፣ ማሳረፍም አያስፈልገውም፤ እሱ ግን መብራቱን አንድ ፊት ላይ ብዙ ካቆየ በኋላ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ወደ አዳራሹ ባዶ መተላለፊያ ያዞረውና መልሶ ያመጣዋል። ተዋንያኑ ይህን በአባዬ ስም «የተሰማ ዕረፍት» ብለው ሰይመውት ነበር። አንዳንዱ ይስቅበታል፣ አንዳንዱ በዚያች ትንፋሽ ላቡን ይጠርጋል። ሁሉም ግን ለምደውት ነበር። አባዬ «ይህን ካላደረግሁ እጄ እሺ አይለኝም» ይል ነበር።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ክረምት ዝናቡ በርትቶ የአቃቂ ወንዝ ጓሯችን ድረስ ይሰማ ነበር። በነሐሴ ወር፣ በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የፋብሪካው ደወል ከሰዓቱ ውጭ ጮኸና ሴቶች ጭቃውን እየረገጡ ወደ በሩ ሮጡ። የግቢያችን ነዋሪ የሆኑት እትዬ ዘነበች ቀኝ እጃቸውን የገመድ መጠምዘዣው ማርሽ ይዞባቸው አራት ጣታቸውን አጥተው ነበር። ማርሹ ላይ ሊኖር የሚገባው የብረት መከለያ በቦታው አልነበረም። ፋብሪካው በለጠፈው ማስታወቂያ መከለያውን ያነሱት ራሳቸው እትዬ ዘነበች ናቸው፣ ጥፋቱም የእሳቸው ነው ተባለ፤ ከሥራም ተሰናበቱ። መከለያ ሲነሳ ማሽኑን ለማጽዳት ማቆም ስለማያስፈልግ ሥራው እንደሚፈጥን፣ የፈረቃ ኃላፊው አቶ ጌታሁንም ፍጥነት እንደሚወዱ ሠራተኛው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም።

አባዬ ያን ቀን ማታ እራት አልበላም። እጁን በሳሙና ሲታጠብ ብዙ ቆየና እማዬ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ፣ ሳሙናው አለቀ እኮ» አለችው። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች በግቢው ሲያልፉ እሱ በጓሮ በር ይወጣ ነበር። ሳይጠሩት ግን ጣራቸውን ጠገነ፣ ያረጀ ሽቦአቸውን ቀየረ፣ የበራቸውን መቀርቀሪያ በግራ እጅ እንዲከፈት አድርጎ ገለበጠው። እኔ ደግ ስለሆነ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እማዬም እንደዚያ ታስብ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የክበቡ ጸሐፊ አዲስ ትያትር ጻፈ። ታሪኩ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዲት ልጅ እጇን ወፍጮው ይወስድባታል፣ ልጅቷም በመጨረሻ መድረክ መሃል ቆማ «መከለያውን ማን አነሳው?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልስ ሳይሰጣት መብራት ይጠፋል። የልጅቷን ቦታ ለሰናይት ሰጧት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ያንን አንድ ጥያቄ በሃያ ዓይነት ድምፅ ስትለማመድ እሰማት ነበር።

«ወፍጮ ቤት ብትሉትስ ማን ይሳሳታል?» አለች እማዬ አንድ ቀን፣ ልብሱን እየጨመቀች። «ሁሉም ያውቀዋል። አንተስ ምን ትላለህ? ልጅህ ናት።»

አባዬ የመብራቱን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ቀና አላለም። «ጥያቄ ነው» አላት። «መልስ የለበትም። ጥያቄ ሰው አይነካም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጥያቄ ነው ሰው የሚነካው!»

በጥር ያ እሑድ ደረሰ። መስኮቶቹ በከረጢት ተሸፍነው አዳራሹ በቀን ጨልሞ ነበር። እንግዳ ስለበዛ ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ሌላ ረድፍ ተጨምሮ፣ ባዶ ይሆን የነበረው መተላለፊያ ላይ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ይህ የተረጋገጠ ነው፤ እማዬም፣ ሰናይትም፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል። አቶ ጌታሁን የተቀመጡት ከተጨመሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ነበር።

ሰናይት ወደ መድረኩ መሃል መጣች። መብራቱ ፊቷ ላይ ብዙ ቆይቷል። ባልዲው ከኋላ ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል፣ የሞቀው ጨው ይሸተኛል። «መከለያውን ማን አነሳው?» አለች። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ከፊቷ ተነሣና ወደ መተላለፊያው ዞረ፣ መተላለፊያው ግን መተላለፊያ አልነበረም፤ አቶ ጌታሁን ብቻቸውን በርተው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው ታዩ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሹፈኛ «በይ እህቴ፣ አገኘሽው! እሳቸውን ጠይቂያቸው!» አለና ሳቅ ፈነዳ። ሰናይት መብራትን መከተል ተምራለች፤ መብራቱ ወዳለበት ዞረች፣ እጇን ዘረጋች፣ ጥያቄውንም ለሁለተኛ ጊዜ ለእሳቸው አቀረበች። ይህን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። መብራቱ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። አባዬ «አንድ ትንፋሽ ነው» ይል ነበር። እማዬ እስከ አሥር ቆጥሬያለሁ ትላለች። ከዚያ ሳህኑ ከውኃው ወጣና ሁሉም ጨለመ።

ቤት ስንገባ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ምን አደረግክ?»

«መብራቱን አሳረፍኩ። ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግሁት።»

«ሰው ፊት ላይ?»

«ወንበሩ ቀርቦ ነበር።»

«ይሄን ባልዲ ያን ሁሉ ዓመት ስትይዝ ወንበር የቀረበ አታውቅም?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታ ጀመር። ሰናይት «አባዬ፣ አውቀህ ነው አይደል?» ስትለው ብቻ «ተኚ» አላት፤ ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ዘበኛ፣ አባዬን «ኢንጂነሬ» እያለ ይቀልድበት የነበረው፣ በሩን ከፍቶ ፊቱን አዞረ። ክበቡ «ለጊዜው» ተዘጋ። ትምህርት ቤት «የመብራቱ ልጅ» ይሉኝ ጀመር፣ ግማሹ በአድናቆት፣ ግማሹ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እማዬ የአባዬን ሁለት ሸሚዝና ሹራብ በፌስታል አድርጋ ከበሩ ኋላ ሰቀለችው። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። በግቢው መግቢያ መኪና በቆመ ቁጥር ሁላችንም መብላት እናቆም ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች አንዲት ዶሮ በግራ ብብታቸው ይዘው መጡ። አባዬን ሲያዩ ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ አሉ። እሱ ትኩስ ነገር እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ዘነቡ፣ ተይ! በእግዚአብሔር፣ እንዲህ አታድርጊ!»

«እንዴት አላደርግ ተሰማ? ማንም ያልደፈረውን ነው ያደረግህልኝ። ቢያንስ አንድ ቀን የጌታሁንን ፊት በብርሃን አየሁት።»

አባዬ ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳየው ግንቡን ይዞ ቆሞ ነበር። «ትሑት ስለሆነ ነው» አለች እማዬ፣ ለእትዬ ዘነበች ወንበር እያቀረበች፤ ዶሮዋንም መመለስ ነውር ነውና ተቀበለቻት። አባዬ ከዚያች ዶሮ አልቀመሰም።

በየካቲት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አቶ ጌታሁን ራሳቸው ቤታችን መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፣ ጫማቸውን በር ላይ በደንብ ጠረጉ፣ እማዬ ያቀረበችላቸውን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጡ። እኔ ደብተሬን ይዤ ጥግ ነበርኩ፣ ማንም ውጪ አላለኝም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ተሰማ» አሉት፣ «ጎበዝ ባለሙያ ነህ። እኔም ይህን ለማንም እናገራለሁ። ግን እኔና አንተ መብራት ብናበዛ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«የጥገናው መዝገብ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በደህና ተቀምጧል። እኔ ልከፍተው አልፈልግም። አንተስ ትፈልጋለህ?»

አባዬ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ከፊታቸው አነሣ። ከዚያ «አልፈልግም፣ ጋሼ» አላቸው። ሰው ጋሼ ብሎ ሲጠራ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

እሳቸውም ተነሥተው ለእማዬ «ልጆቹን ጠብቂ» አሏትና ሄዱ። እማዬ ያን ቃል እንደ ዛቻ ወሰደችው፣ ሰናይትንም ለሁለት ወር ሳሪስ አክስታችን ዘንድ ላከቻት። አባዬ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የዘይት ቆርቆሮውን መብራት ፈታ፣ መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀመጠ፣ የባልዲውን ውኃ ጓሮ ደፋው። በደፋበት ቦታ እስከሚቀጥለው ክረምት ሣር አልበቀለም። ሰናይት ከፋሲካ በኋላ ስትመለስ ወደ ትያትር አልተመለሰችም።

የጠበቅነው ነገር ግን አልመጣም። ማንም አባዬን አላሰረውም፣ አላባረረውም። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ሲጀምር አባዬ መሰላሉን ይዞ እትዬ ዘነበች ጣራ ላይ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ክረምት፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ፌስታሉ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ብዙ ዓመት ቆየ፤ እኔ ካደግሁ በኋላ እማዬ ሹራቡ ለአባዬ ጠቦታል ብላ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ኖራ የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ከግድግዳ ቀለም በቀር ለሌላ ነገር የተጠቀመበት ሰው አልነበረም። ግቢው ግን አልተወውም፤ የጎረቤት ሴቶች ልጆቻቸው ሲሞገሱ «ኖራውን አዙሩት» ይሉ ነበር፣ አባዬም ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ይነሣ ነበር።

ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግቢው አሁን መጋዘን ነው፤ ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ወርጄ በከባድ መኪኖቹ መሃል ሳልፍ፣ አዳራሹ በር ላይ የሴራሚክ ካርቶን የሚያወርዱ ልጆች አየሁ። ጣራው ላይ የተደረደሩት አዳዲስ መብራቶች ጥግ ድረስ እኩል ያበራሉ፤ የሚዞር ነገር የለም፣ የሚያዞርም ሰው የለም። ሰናይት ሳሪስ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿ ትያትር ሲያዘጋጁ ከመድረክ ኋላ ትቆማለች እንጂ ፊት አትወጣም። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። በቀብሩ ቀን እትዬ ዘነበች ግራ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አኑረው «የእኔን ነገር በብርሃን ያወጣ እሱ ብቻ ነው» እያሉ አለቀሱ። አሁንም እዚያው ግቢ ናቸው፤ በደወልኩላቸው ቁጥር መጀመሪያ የሚያነሱት ያን እሑድ ነው።

ስለ አቃቂና ቃሊቲ የተዘጉ ፋብሪካዎች ዘገባ ስሠራ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቤታቸው ያስቀመጧቸውን ሦስት ከረጢት አሮጌ ደብተሮች አሳዩኝ። የጥገና ክፍሉ መዝገብ ሁለተኛው ከረጢት ውስጥ ነበር። እትዬ ዘነበች ከተጎዱበት ቀን ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ «የሦስት ቁጥር መጠምዘዣ የማርሽ መከለያ ተነሥቷል» ይላል። ጽሑፉ በሰማያዊ ቢክ ነው። ከአባዬ ደብዳቤዎች ጋር አስተያይቼዋለሁ፣ እጁ የራሱ ነው። በገጹ ላይ ሁለት ዓምዶች ይከተላሉ። «ያዘዘው» በሚለው ሥር ምንም አልተጻፈም። «የፈጸመው» በሚለው ሥር የአባቴ ስምና ፊርማ አለ።